ማካኤንሴዎችን ሕዝብ ያደረጋቸው ደም አይደለም

ስለ ማካኤንሴዎች በጋዜጣም ሆነ በዘጋቢ ፊልም የሚቀርበው ነገር አብዛኛውን ጊዜ የሚሽከረከረው “እየጠፉ ነው፤ ስንት ቀሩ?” በሚለው ጥያቄ ዙሪያ ነው። ማካኤንሴ የሚባሉት በደቡብ ቻይና ጠረፍ በምትገኘው በማካዎ ከተማ፣ ፖርቱጋላውያን ከልዩ ልዩ የእስያ ሕዝቦች ጋር ተጋብተው ያስገኙት የካቶሊክ ማኅበረሰብ ነው፤ ራሳቸውን የአገር ልጆች ይላሉ። ወደ ሰባት መቶ ሺህ ከሚጠጋው የከተማዋ ነዋሪ መካከል ጥቂት ሺዎች ብቻ ናቸው። በካሊፎርኒያ፣ በካናዳ፣ በብራዚል፣ በአውስትራሊያና በፖርቱጋል የተበተኑት ከእነዚህ እንደሚበልጡ ይታመናል። የጠያቂዎቹ ስሌት ቀላል ነው። ማካኤንሴ ግማሽ ፖርቱጋላዊ፣ ግማሽ ቻይናዊ ነው፤ ፖርቱጋል በ1999 ከተማዋን ለቻይና አስረክባ ወጥታለች (ዓመታቱ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)፤ ልጆቹም በአገር ቤት ቻይናዊ፣ በውጭ ደግሞ የየአገሩን ሰው እያገቡ ነው፤ ስለዚህ ደሙ እየቀጠነ ሄዶ አንድ ቀን ያልቃል። ይህ ስሌት ከመነሻው የተሳሳተ ነው እላለሁ። ማካኤንሴዎችን ሕዝብ ያደረጋቸው የደም መቀላቀል አልነበረም፤ የሚያጠፋቸውም እሱ አይሆንም። ያቆማቸው የከተማ ሸንጎ፣ ደብር፣ የምግባረ ሠናይ ማኅበር፣ ትምህርት ቤትና የታወቀ የሥራ ድርሻ ነበር። ሊያሳስበን የሚገባው የእነዚህ መላላት ነው።

ከአንድ ወደብ የተነሱ ሁለት ዕጣዎች

የኢትዮጵያ አንባቢ ለዚህ ክርክር የሚሆነውን ዋነኛ ማስረጃ ከራሱ ታሪክ ያገኘዋል። በ1541 ክሪስቶቮ ዳ ጋማ ከጎዋ በተነሳው የፖርቱጋል መርከብ ጦር መጥቶ፣ አራት መቶ ያህል ነፍጥ ያዥ ወታደሮችን እየመራ ከቀይ ባሕር ጠረፍ ወደ መሀል አገር ዘለቀ። እሱ በማግስቱ ዓመት ተማርኮ ተገደለ። ከወታደሮቹ የተረፉት ግን ከአፄ ገላውዴዎስ ጎን ተሰልፈው በ1543 ወይና ደጋ ላይ ተዋጉ፤ ከድሉም በኋላ ብዙዎቹ እዚሁ ቀሩ። መሬት ተሰጣቸው፤ የአገሩን ሴቶች አገቡ፤ ወለዱ። ወደ ምሥራቅ ያቀኑት ፖርቱጋላውያንም የእነዚሁ ዓይነት ሰዎች ነበሩ። ወታደር፣ ነጋዴና መርከበኛ ናቸው፤ አብዛኞቹ ሚስት ሳይዙ የወጡ ናቸው፤ መናኸሪያቸውም ያችው ጎዋ ናት። በ1557 ማካዎ ላይ ሰፈሩ። በዚያው ዓመት የጀስዊቱ ጳጳስ አንድሬ ዴ ኦቪዬዶ ኢትዮጵያ ገባ። የኦቪዬዶ ባልደረባ የነበረው ሜልኪዮር ካርኔይሮም ለኢትዮጵያ በተሾመው የካቶሊክ ፓትርያርክ ሥር ረዳት እንዲሆን ጵጵስና ተቀብቶ ነበር፤ ነገር ግን ኢትዮጵያን ሳያይ ቀረ። በ1568 ወደ ማካዎ ተላከ፤ በ1569 ሳንታ ካዛ ዳ ሚዘሪኮርዲያ የተባለውን የምሕረት ቤት መሠረተ፤ ለሕሙማን ማረፊያ አቋቋመ፤ በ1583 እዚያው ሞተ።

ለኢትዮጵያ የታሰበው ጳጳስ ማካዎ ላይ ያቆመው ተቋም ምን ለውጥ እንዳመጣ ለማየት የሁለቱን ማኅበረሰቦች ፍጻሜ ማስተያየት ይበቃል። በኢትዮጵያ የቀሩት ፖርቱጋላውያንና ልጆቻቸው የነገሥታቱ ወታደር ሆነው ኖሩ፤ የራሳቸው ከተማም ሆነ ሸንጎ ግን አልነበራቸውም። በሃይማኖታቸው የሚደገፉት ፍሬሞና ላይ ማዕከሉን ባደረገው ሚስዮን ነበር። አፄ ፋሲለደስ ጀስዊቶችን ከአገር ሲያስወጡ ያ ድጋፍ ወደቀ። በአፄ ዮሐንስ ቀዳማዊ ዘመን ደግሞ የአገሩን ሃይማኖት ተቀበሉ፣ አለዚያ ውጡ ተባሉ። ከፊሎቹ ወደ ስናር ሄዱ፤ የቀሩት በሕዝቡ ውስጥ ገብተው ጠፉ። ማካዎ ላይ ግን የከተማው ሽማግሌዎች በ1583 ሸንጎ አቋቋሙ። የምሕረት ቤቱ መበለቶችንና ወላጅ አልባ ልጆችን ይዞ ከማኅበረሰቡ እንዳይወጡ አደረገ። ደብሮቹ ጋብቻንና ጥምቀትን መዝገቡ፤ ከጃፓን ጋር የሚደረገው የብርና የሐር ንግድም ይህን ሁሉ አቆመው። በሁለቱም ቦታ የተደረገው የደም መቀላቀል አንድ ዓይነት ነው። አንደኛው በመቶ ሠላሳ ዓመት ገደማ ሲከስም ሌላኛው አራት መቶ ስድሳ ዓመት አልፎት ዛሬም አለ።

ልዩነቱ ማካዎ ላይ የፖርቱጋል ባንዲራ ስለተውለበለበ ነው የሚል መልስ ይኖራል። መልሱ ግን ከታሪኩ ጋር አይሄድም። እስከ 1849 ድረስ ማካዎ ለቻይና መንግሥት የመሬት ኪራይ ትከፍል ነበር፤ የቻይና ጉምሩክ በከተማዋ ውስጥ ተቀምጦ ቀረጥ ይሰበስብ ነበር። ሊዝበን ከወራት የባሕር ጉዞ ማዶ ናት። ኢምፓየሩ ለማኅበረሰቡ ይሰጥ የነበረው ስም እንጂ ጉልበት አልነበረም ማለት ይቻላል። ከተማዋን በየዕለቱ ያኖሯት ሸንጎዋና ማኅበሮቿ ናቸው።

የእናቶቹ ክርክር

የመጀመሪያዎቹ የማካኤንሴ እናቶች ከየት መጡ የሚለው ነገር የታሪክ ጸሐፊዎችን ለአሥርተ ዓመታት አከራክሯል። አና ማሪያ አማሮ መሠረቱ የተጣለው ከጎዋ፣ ከማላካና ከጃፓን በመጡ ሴቶች እንደሆነና የቻይናዊት እናት ድርሻ ለረጅም ጊዜ ትንሽ እንደነበር ጽፈዋል። አባ ማኑኤል ቴይሼይራ ደግሞ የደብር መዝገብ ዘርግተው የማካኤንሴ እናት ቻይናዊት ናት ሲሉ ተከራክረዋል። ለሁለቱም የሚሆን ማስረጃ ሞልቷል። በ1614 ጃፓን ሚስዮናውያንን ስታባርር የአገሩ ክርስቲያኖች ወደ ማካዎ ሸሽተዋል፤ ዛሬ የከተማዋ መለያ የሆነው የቅዱስ ጳውሎስ ቤተ ክርስቲያን ፊት ሲጠረብ የእነሱ እጅ ነበረበት። በ1641 ሆላንዶች ማላካን ሲይዙ ከዚያ የተፈናቀሉ ቤተሰቦች መጡ። ከአፍሪካና ከቲሞር በባርነት የተጋዙ ሰዎች ነበሩ። ወላጆቻቸው የጣሏቸው፣ በክርስቲያን ቤቶች ያደጉ የቻይና ሴቶች ልጆችም እንዲሁ። በየማካኤንሴ ቤት የሚበላው ምግብ ይህን ጉዞ ሁሉ ይዟል። ከማላይ ባሕር የመጣ የሽሪምፕ ድልህ፣ ከጎዋ የመጣ ቅመም፣ በአኩሪ አተር ሶስ የሚሠራ የተፈጨ ሥጋ፣ ስሙ ራሱ “የአፍሪካ ዶሮ” የሆነ ጥብስ፣ ሁሉም በአንድ ገበታ ይቀርባሉ።

ሆኖም ክርክሩ የታሪክ ብቻ አልነበረም። ቅኝ ገዢ በነገሠበት ዘመን ቻይናዊት አያት አለችኝ ማለት ከገዢው ወገን የሚያርቅ ስለነበር፣ ጃፓናዊት ወይም የጎዋ እመቤት የሆነች አያት መጥራት ይመረጥ ነበር። የደም ቆጠራ ሁልጊዜም እንዲህ ነው፤ ስለ ትናንት የሚያወራ መስሎ የዛሬውን ማዕረግ ያከፋፍላል። ተጋብተው በፍቅር የተዋሐዱ ሁለት ሥልጣኔዎች የሚለው የቱሪዝም ትረካም ከእውነቱ የራቀ ነው። ደራሲው ኤንሪኬ ደ ሴና ፌርናንዴስ በ“አ ትራንሳ ፌይቲሴይራ” ልብ ወለዳቸው የማካኤንሴ ወጣትና የቻይናዊት ውኃ ቀጂ ፍቅር ከሁለቱም ሠፈር ምን ያህል ቁጣ እንደሚያስነሳ አሳይተዋል። መቀላቀሉ ነበረ፤ ግን በየቤቱ ሲደበቅና ሲከለከል የኖረ ነው። በሁሉም ፊት ማኅበረሰቡን የሰበሰበው ሌላ ነገር መሆን አለበት።

ያ ሌላ ነገር ምን እንደነበር በማርታ ሜሮፕ ሕይወት ይታያል። በአሥራ ስምንተኛው ክፍለ ዘመን ከቻይናውያን ወላጆች ተወልዳ የተጣለች ልጅ ናት። በክርስቲያን ቤት አድጋ፣ ሀብት አፍርታ፣ በ1828 ስትሞት ከከተማዋ ባለጸጎችና ከምሕረት ቤቱ ታላላቅ ለጋሾች አንዷ ነበረች። የፖርቱጋል ደም የላትም፤ ሆኖም ከክርስቲያኑ ኅብረተሰብ ስሟ የማይለይ ሴት ሆነች። ክርስትና ተነስተው የፖርቱጋል ስም የያዙ የቻይና ቤተሰቦችም በአንድ ሁለት ትውልድ ውስጥ እንደ ማካኤንሴ የተቆጠሩበት ጊዜ ብዙ ነው። አንትሮፖሎጂስቱ ዦአዎ ደ ፒና ካብራል ከኔልሰን ሎሬንሶ ጋር ባደረጉት ጥናት የማካኤንሴነት መታወቂያዎች ሦስት እንደሆኑ አስረድተዋል፤ እነሱም የፖርቱጋልኛ ቋንቋ፣ የካቶሊክ እምነትና የተቀላቀለ ትውልድ ናቸው። ከሦስቱ አንዱ ቢጎድል ሌሎቹ ይሞሉታል። ዜግነት ደግሞ በዚህ ዝርዝር ውስጥ አይገባም። ፖርቱጋል የዜግነት ሕጓን እስከለወጠችበት እስከ 1981 ድረስ ማካዎ ላይ የተወለደ ሁሉ ፖርቱጋላዊ መሆን ይችል ስለነበር ዛሬ የፖርቱጋል ፓስፖርት የያዙ ቻይናውያን ብዙ ናቸው፤ ፓስፖርቱ ግን አንዳቸውንም ማካኤንሴ አላደረጋቸውም።

“የቅኝ ገዢ ትራፊ ናቸው” ለሚለው

ከሁሉ የከበደው ተቃውሞ ይህ ነው፤ በቀላሉም የሚታለፍ አይደለም። ተቋማቱ ነፃ ስጦታ አልነበሩም ይላሉ ተቺዎቹ፤ ለማካኤንሴዎች የተከለለ ጥቅም ነበሩ። እውነት አላቸው። ከላይ ከሊዝበን የመጣ ሹም፣ ከታች ቋንቋው በመንግሥት ቢሮ ዋጋ የሌለው ቻይናዊ ሕዝብ፣ በመካከል ሁለቱንም የሚያናግር የማካኤንሴ ጸሐፊ፣ ፖሊስና አስተርጓሚ። ቻይንኛ በማካዎ የሥራ ቋንቋ ሆኖ በሕግ የታወቀው በ1990ዎቹ መጀመሪያ ብቻ ነው። ይህ አድልዎ ያጠራቀመው ቁጣ ታኅሣሥ 3 ቀን 1966 ገነፈለ። በተኩስ ሰዎች ሞቱ፤ ሕዝቡም ከሸንጎው ፊት ለፊት የቆመውን የቪሴንቴ ኒኮላው ደ ሜስኪታን ሐውልት ገርስሶ ጣለ። ሜስኪታ በ1849 የቻይናን ጦር ፓሳሌያዎ ላይ ያሸነፈ መኮንን ነው፤ የማካዎ ተወላጅ፣ ማካኤንሴ ነበር። ሐውልቱን የጣሉት ሰዎች ማካኤንሴዎችን ከየትኛው ወገን እንደቆጠሯቸው ከዚህ በላይ መናገር አያስፈልግም። በጥር 1967 አገረ ገዢው የይቅርታ ሰነድ ፈረመ፤ ከዚያ በኋላ በከተማዋ የሚሰማው ቃል ከቤጂንግ ጋር የቆሙት የቻይና ነጋዴዎች ቃል ሆነ።

ተቃውሞው ልክ ነው፤ መደምደሚያው ግን አይከተልም። ማካኤንሴነት የቅኝ ግዛት ጥቅም ብቻ ቢሆን ኖሮ ጥቅሙ ሲያበቃ ያበቃ ነበር። የሆነው ግን ሌላ ነው። ከ1966 በኋላ ያደገው ትውልድ ፊቱን ወደ ቻይናዊው ጎረቤቱ አዞረ፤ ከእሱ ጋር መጋባቱ እየተለመደ መጣ፤ ቻይንኛ መጻፍና ማንበብም ተማረ። ከርክክቡ በፊት ብዙ የመንግሥት ሠራተኞች ወደ ፖርቱጋል አስተዳደር ተዛውረው ቢሄዱም የቀሩት በቦታቸው ቀጠሉ። ዋና ዋናዎቹ ሹማምንት የቻይና ዜጋ መሆን ባለባቸው በአዲሱ አስተዳደር ውስጥ ማካኤንሴው ራይሙንዶ ዶ ሮዛሪዮ ከ2014 ጀምሮ ለአሥር ዓመት የትራንስፖርትና የሕዝብ ሥራዎች ኃላፊ ሆነው አገልግለዋል። ጌታው ሲለወጥ አብሮ ያልፈረሰ ማኅበረሰብ የጌታው ጥላ ብቻ አልነበረም ማለት ነው።

ቋንቋውና ስደቱ

ሌላው የሞት ማስረጃ ተደርጎ የሚቀርበው ፓትዋ ነው። ፖርቱጋልኛን ከማላይ፣ ከሕንድ ቋንቋዎችና ከካንቶንኛ ጋር ያዋሐደው ይህ ንግግር በ2000 የቀሩት ተናጋሪዎች ሃምሳ ያህል ብቻ እንደነበሩ የዩኔስኮ የቋንቋዎች አትላስ አስፍሯል። ሐዘኑ እውነተኛ ነው፤ ቋንቋ ሲሞት የሚሞተውን ነገር የሚተካ የለም። ነገር ግን ፓትዋን የገደለው የደም መቅጠን አይደለም። ከአሥራ ዘጠነኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ ጀምሮ ትምህርት ቤቱ የሊዝበንን ፖርቱጋልኛ ሲያስተምር ፓትዋ የተበላሸ ንግግር ተባለ፤ ወላጆችም ልጆቻቸውን ከለከሉ። በሆንግ ኮንግ ደግሞ ቦታውን እንግሊዝኛ ያዘ። ማኅበረሰቡ ስለዚህ ከፓትዋ መድከም በኋላ ከመቶ ዓመት በላይ ኖሯል። ቋንቋው የመጨረሻውን ገጣሚውን ዦዜ ዶስ ሳንቶስ ፌሬይራን ባጣበት በ1993 በፓትዋ ተውኔት የሚሠራ “ዶሲ ፓፒያሳም ዲ ማካዎ” የተባለ ቡድን ተቋቋመ። የከተማዋን ኑሮ በየዓመቱ በመድረክ እየተቸ ሕዝብ ይሰበስባል። በ2021 ቻይና የፓትዋውን ተውኔትና የማካኤንሴን ምግብ አሠራር በብሔራዊ የማይዳሰስ ቅርስ መዝገብ አስገብታለች።

ስደቱም ቢሆን ከተቋም ውጭ አይታይም። እንግሊዞች በ1841 ሆንግ ኮንግን ሲይዙ ማካኤንሴዎች በብዛት ተሻገሩ። የባንክና የንግድ ቤት ጸሐፊ፣ የማተሚያ ቤት ሠራተኛ፣ የመንግሥት አስተርጓሚ ሆኑ፤ ከእንግሊዛዊ አለቃ በላይ እንዳይወጡ በግልጽ በታወቀ ድንበር ውስጥ ኖሩ። በ1866 ሉሲታኖ ክለብን መሠረቱ። ዦዜ ፔድሮ ብራጋ የመጀመሪያው ማካኤንሴ የሕግ ምክር ቤት አባል ሆኖ የገባው በ1929 ነው፤ ሰማንያ ስምንት ዓመት ጠብቀዋል ማለት ነው። በሻንጋይም እንዲሁ ሰፈሩ። ሆንግ ኮንግ በታኅሣሥ 1941 በጃፓን እጅ ስትወድቅ ብዙዎች ገለልተኛ ወደሆነችው ማካዎ ተመልሰው በረሃብ ዓመታት ተጠለሉ። በ1949 የሻንጋዩ ማኅበረሰብ ፈረሰ። የ1966ቱና የ1967ቱ ሁከት የማካዎንና የሆንግ ኮንግን ሰዎች አስደነገጠ፤ አሜሪካ በ1965 ያወጣችው የኢሚግሬሽን ሕግም በር ከፈተ። ወደ ሳን ፍራንሲስኮ፣ ቶሮንቶ፣ ቫንኩቨር፣ ሳዎ ፓውሎ፣ ሲድኒና ሊዝበን ሄዱ፤ በየደረሱበትም የማካዎ ቤት እያሉ ማኅበር አቋቋሙ። ከ1990ዎቹ ጀምሮ በየጥቂት ዓመቱ ከየአገሩ ተጠራርተው ማካዎ ላይ ይገናኛሉ።

ይሁንና ስጋቴ ያለው እዚህ ነው። በሆንግ ኮንግና በሻንጋይ ስደተኛው ማካኤንሴ ሥራው፣ ደብሩ፣ ትምህርት ቤቱና ክለቡ አንድ ላይ ነበሩ፤ ከአገር ወጥቶም በማኅበረሰብ ውስጥ ኖረ። በካሊፎርኒያ የተወለደው የልጅ ልጅ ግን ከማካኤንሴ ጋር የሚገናኘው በበዓል ቀን ነው። ያጣውን ነገር ለመሙላት ወደ ዘር ሐረግ ጥናት ይሄዳል። ዦርዤ ፎርዣዝ በ1996 በሦስት ጥራዝ ያወጡት የማካኤንሴ ቤተሰቦች መዝገብ ትልቅ የሊቅ ሥራ ነው፤ ለብዙ ቤተሰቦችም የጠፋ አያት መልሷል። ሆኖም መዝገብ ያለፈውን ይቆጥራል እንጂ የሚመጣውን አይጨምርም። ማርታ ሜሮፕን የተቀበለ ማኅበረሰብ ዛሬ በአያት ስም ብቻ በሩን ቢከፍት፣ በሕይወት ያቆየውን ዘዴ በገዛ እጁ ይዘጋል።

ሕጉም በዚሁ የደም ስሌት ላይ ቆሟል። የማካዎ መሠረታዊ ሕግ 42ኛ አንቀጽ የፖርቱጋል ዝርያ ያላቸው ነዋሪዎች ጥቅም እንደሚጠበቅ፣ ልማዳቸውም እንደሚከበር ይደነግጋል። በ1998 የወጣው የዜግነት ማብራሪያ የሁለቱም ዝርያ ያለው ነዋሪ የቻይናን ወይም የፖርቱጋልን ዜግነት እንዲመርጥ ይፈቅዳል። ሁለቱም በጎ ሐሳቦች ናቸው፤ ሰውየውን ግን ከሁለት ግማሽ የተሠራ አድርገው ያዩታል፤ ሙሉ የሚያደርገውን ማኅበር አያዩም። ልማድ በሕግ ሊከበር ይችላል፤ የሚኖረው ግን የሚሠራበት ቦታ ሲኖረው ነው። የተውኔት መድረክና የምግብ ቅርስነት መዝገብ መልካም ናቸው፤ ከተማዋ በእነዚህ ብቻ ከረካች ግን ማካኤንሴዎችን ለጎብኚ የሚታዩ ጌጥ ታደርጋቸዋለች።

ስለዚህ ፍርዴ ይህ ነው። የማካዎ መንግሥት ለማካኤንሴዎች ማድረግ ያለበት ዋናው ነገር ልጅ በፖርቱጋልኛና በቻይንኛ እኩል የሚማርበትን ትምህርት ቤት ማስፋት፣ ሁለቱን ቋንቋ የሚያውቅ ሰው በፍርድ ቤትና በአስተዳደር ሥራ እንዲያገኝ ማድረግ ነው። በውጭ ያሉት ማኅበራት በጋብቻ የመጣውንም፣ በፍላጎት የመጣውንም እንደ ቤተሰብ ይቁጠሩ። በ1998 የተከፈተው የማካዎ ፖርቱጋልኛ ትምህርት ቤት ዛሬ ከሚያስተምራቸው ልጆች ብዙዎቹ በቤታቸው ፖርቱጋልኛ የማይናገሩ ናቸው። ከእነዚህ ልጆች ነገ ማካኤንሴ ነኝ የሚል ቢወጣ አያቱን መጠየቅ አይገባም።